የላሜራው ነገር

ይድረስ ለልጄ፣

እንዴት ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ደሴ በርዷል። ጦሳ ተራራ እስከ አራት ሰዓት ድረስ ጉሙን አይገልጥም። እናትሽ ጉልበቴን ትላለች፤ የተለመደው ነው፣ አትጨነቂ።

መደወሉን ትቼ ወረቀት ያነሳሁት በስልክ ስቆጣሽ ዝም ስለምትዪኝ ነው። አክስትሽ እሁድ ዕለት ሁሉንም ነግራኛለች። እንዳትቀየሚያት፤ እኔ ነኝ አስጨንቄ ያስለፈለፍኳት። የልጆች መጽሐፉ 24 ስዕል ነው አይደል የተባለው? ሦስት ሠርታ፣ ቀብዱን በልታ፣ እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ስልክ ላይ የሰው ስዕል ስታይ ታመሻለች አለችኝ። «እነዚህን ካየሁ በኋላ ሰዓሊ ነኝ ማለት አፍራለሁ» ብለሻታል አሉ። ከቀብዱ ይልቅ የከነከነኝ ይሄ ነው። (ቀብዱም ከንክኖኛል። ሰኞ ጠዋት አሠሪሽ ጋ ደውዪና ቀን ጠይቂ። አትደበቂ።)

ከዚያ ታናሽ ወንድምሽን ጠራሁትና «እህትህን ሥራ ያስፈቷትን ሰዎች አሳየኝ» አልኩት። ሦስት ማታ አብረን አመሸን። እኔ ስነካው ስልኩ ስለሚዘልብኝ እሱ ነው የሚገልጥልኝ።

መጀመሪያ ያሳየኝ ኮሪያዊውን ኪም ጁንግ ጊን ነው። ግድግዳ የሚያክል ነጭ ወረቀት ፊት ይቆምና በብሩሽ እስክሪብቶ ይጀምራል። የእርሳስ ንድፍ የለ፣ ፎቶ የለ፣ ላጲስ የለ። ከአንድ ጥግ ተነስቶ ሰው፣ እንስሳ፣ መኪና እያለ ይሄዳል። እኔም በደጉ ዘመን ታፔላ ላይ መስመር ሳላሰምር ስለምጽፍ ይደነቅልኝ ነበር። እዚህ ሰውዬ ፊት ግን ባርኔጣ ማውለቅ ነው። ወታደር ሳለ ያየውን መሣሪያና መኪና ሁሉ በቃሉ ይይዝ ነበር አለኝ ወንድምሽ። እ.ኤ.አ. በ2022 ፓሪስ ላይ በ47 ዓመቱ ሞተ። ባረፈ በቀናት ውስጥ ደግሞ አንዱ ስዕሎቹን ለኮምፒውተር አብልቶ፣ የእሱን እጅ የሚያስመስል ፕሮግራም ለቀቀ። ለቅሶው እንኳ ሳይወጣ! የባነር ማተሚያው እኛ ሰፈር የገባ ሰሞን ትዝ አለኝ። አንቺ ሕፃን ነበርሽ። አኳራጅ የሚሸት ጃኬቴን ለብሼ የሱቁ ደጃፍ ላይ ያለ ሥራ ተቀምጬ እውል ነበር።

ግን ልብ በዪ። የሰውዬው ዓይን ያየው እጁ ውስጥ ገብቷል። አንቺ እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ያየሽው የት ገባ? እርሳስ ሳትይዢ አትመልከቺ።

እንግሊዛዊው ሽማግሌ፣ ኩዌንቲን ብሌክ፣ አሳቀኝ። እ.ኤ.አ. በ1932 የተወለደ ሰው ነው። ከሥሩ መብራት ያለው ሰሌዳ ላይ ረቂቁን ያነጥፍና ሌላ ወረቀት ደርቦ በብዕር እንደገና ይስላል። «ይሄማ የኛ መስኮት ነው!» አልኩ። ትዝ ይልሻል? የሳሎኑ መስኮት ላይ ወረቀት ደርበሽ በፀሐይ ብርሃን ስትገለብጪ፣ እናትሽ መጋረጃውን አቆሸሽሽው ብላ ስትጮህብሽ? ሰውዬው ግን አይገለብጥም። ከሥር ያለውን በጭላንጭል እያየ እንደ አዲስ ነው የሚስለው። እኔ ይህን በሠላሳ ዓመት ሥራ አላወቅሁትም። እኔ ገልባጭ ነበርኩ።

ክሪስቶፍ ኒማን የሚባለው ጀርመናዊ ደግሞ ሁለት ሙዝ ወረቀት ላይ አስቀምጦ የፈረስ የኋላ እግር አደረጋቸው። ሙዝ! አክስትሽ ቤትም ሙዝ አይጠፋም። አውስትራሊያዊው ሾን ታን አንዲት ቃል የሌለባት የስደተኛ ታሪክ አውጥቷል፣ እ.ኤ.አ. በ2006። ሰውየው አገሩን ጥሎ፣ ቋንቋው በማይገባው ከተማ ሲንከራተት፣ ሁሉም በእርሳስ። እናትሽ አጠገባችን ሽሮ ስታበጥር ቆይታ አንገቷን አስግጋ አየችና ቤይሩት ያለችው እህቷ ትዝ ብላት ተነስታ ወጣች። የኛንም ልጆች አየሁ፤ ጀምበር የሚባለውን የብስራት ደበበን የኮሚክ መጽሐፍ ጀግና። ኃይል ከማግኘቱ በፊት ተመርቆ ሥራ ፈላጊ ነው። ይሄስ እውነት ነው አልኩ።

ሁሉም ጎበዞች ናቸው፤ አልዋሽሽም። አንዳቸውም ግን ሌላውን ሲያዩ አድረው አይደለም። እርሳስ ሳትይዢ አትመልከቺ አልኩሽ።

አሁን ለእናትሽም በደንብ ያልነገርኳትን ልንገርሽ። በ1987 ዓ.ም. ነው። ከሥራ የተረፈች አንዲት ላሜራ ነበረችኝ። እናቴ ቡና ስትቆላ፣ ጭሱን በነጠላዋ ጫፍ እየመለሰች፣ በተረፈ ቀለም ሳልኳት። ከምንም አልገለበጥኩም። ፊቴ ተቀምጣ ነበር። ሲደርቅ ግድግዳ ላይ አቆምኩት። ጎኑ የፈረንጅ ካላንደር ተሰቅሎ ነበር፣ የሚያብረቀርቅ፣ ላምና ሜዳ ያለበት። አንዴ ካላንደሩን አያለሁ፣ አንዴ እናቴን አያለሁ። በሦስተኛው ቀን የራሴ ሥራ አስጠላኝ። እጇ የተወላገደ መሰለኝ።

በዚያው ሳምንት አንድ ባለ ሥጋ ቤት ለፋሲካ ታፔላ አዘዘኝ። ላሜራ ተወዷል፤ ቀብዱን ደግሞ በልቻለሁ። ነጭ ቀባሁባት። በአንድ እጅ ቅብ አልጠፋችም፤ ዓይኗ ይታይ ነበር። ሁለተኛ ደረብኩ። በላዩ ላይ «ልዩ ሥጋ ቤት» ጻፍኩና ከካላንደሩ አንድ በሬ ገለበጥኩ። የፈረንጅ በሬ ነው፤ ሻኛ የለውም። ሥጋ ቤት ደጃፍ ላይ፣ ሻኛ የሌለው በሬ! ሰው እያየ ሲስቅ እኔም አብሬ እስቅ ነበር።

በ1989 እናቴ አረፈች። ያላት ፎቶ የመታወቂያው ብቻ ነበር፤ እሱም ውሃ ገብቶበት ፊቷ ጠፍቷል። ታፔላው ሥር ባለፍኩ ቁጥር ቀና እል ነበር። ልሽጥልህ ያለኝ የለ፣ መልስልኝ ለማለት ደግሞ አፈርኩ። መንገዱ ሲሰፋ ሱቆቹ ፈረሱ። ስደርስ ቆርቆሮውን ሁሉ ቁራሌው ጭኖ ሄዷል።

ምን ልልሽ ነበር? አዎ፣ ስልኩን። ማታ ቻርጅ ስታደርጊው ከአልጋሽ አርቂው። የብሩሹን ጫፍ በምላስሽ አታርጥቢ፤ ስንቴ ልናገር። በሶና ዳቦ ቆሎ በጎረቤታችን ልጅ ልኬያለሁ፣ ቅዳሜ መናኸሪያ ጠብቂው። በሶው ውስጥ ብር አለ። የቀለም እንጂ የካርድ መግዣ አይደለም።

ከደብዳቤው ጋር አንድ ወረቀት ታገኚያለሽ፤ እንዳይጠፋብሽ። ሰሞኑን እናቴን እንደገና ልስላት ሞከርኩ። እጇ መጣልኝ፣ ነጠላዋ መጣልኝ። አፏ ላይ ስደርስ ጠፋኝ። አክስትሽ አፏ ቁርጥ እሷን ነው፤ በተለይ ጀበናው ሊገነፍል ሲል ቁጣዋን ይዛ ከንፈሯን ስትገጥም። ነገ ቡና ስታፈላ ፊት ለፊቷ ተቀመጪና ያንን አፍ ሳዪልኝ። እርሳስሽን ይዘሽ። ለምን እንደሆነ ግን አትንገሪያት። ካወቀች ትስቃለች፤ ከሳቀች ደግሞ የእናቴ አፍ አይደለም።

አባትሽ