ቱርቦ ሲገጠም ሽቦው ይታሰብበት

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ቱርቦ (በጭስ ግፊት እየተሽከረከረ ወደ ሞተሩ ተጨማሪ አየር የሚገፋ መሣሪያ) ባልነበረው ሞተር ላይ ሲገጠም የሚወራው ስለ ጉልበትና ስለ ነዳጅ ነው፤ ሽቦውን የሚያስታውሰው የለም። የቱርቦው የጭስ ወገን በከባድ ጭነት ከ800 ዲግሪ ሴልሺየስ ሊያልፍ ይችላል፤ ተራው የፒቪሲ (ፕላስቲክ) የሽቦ ሽፋን ግን ቢበዛ 105 ዲግሪ ነው የሚችለው። ሽፋኑ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ መዳቡ ብረት ይነካና ፊውዝ ይቃጠላል።

ፊውዙ ሳይቃጠል ሲቀር ደግሞ ምልክቱ አሳሳች ነው፦ መኪናው ሲግል ይጠፋል፣ ሲቀዘቅዝ ይነሳል። ስለዚህ ምርመራው ሞተሩ እንደጋለ ይሁን። ሞተሩ እየሠራ፣ መብራትና ፋን በርተው፣ ከሞተሩ ብረት እስከ ባትሪው ኔጌቲቭ ያለው ቮልት በቴስተር ይለካ። ከ0.2 ቮልት በላይ ካሳየ የማሳው ሽቦ (ሞተሩን ከባትሪው ኔጌቲቭ የሚያገናኘው) ወይም የሽቦው ጫፍ የሚታሰርበት ቦታ ተጎድቷል። ይህ ሳይለካ ደህና ሴንሰርና ቦቢና (ለካንዴላ ከፍተኛ ቮልት የሚሰጠውን) መቀየር የባለቤቱን ገንዘብ ማባከን ነው፤ እጅግ ያሳዝናል።

ሽቦውን መጠቅለል ሙቀቱን ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም። መጀመሪያ ሽቦውን ከቱርቦው ማራቅ፣ ቀጥሎ በመካከል የቆርቆሮ መከለያ ማቆም፤ መከለያው ከሁለቱም ጋር ሳይነካካ ቢያንስ 1 ሴንቲሜትር የአየር ክፍተት ይተውለት። ማራቅ ካልተቻለ ሲሊኮን ሽፋን ያለው ሽቦ ይዘርጋ፣ የሚቀልጠው የፕላስቲክ ማሰሪያም በብረት ይተካ።

አክባሪያችሁ፣
አንድ የመኪና ኤሌክትሪሺያን