ጥቁሩን መለያ ማን ያስራል?

ይድረስ ለሰሜን ሸዋ ዞን ጤና መምሪያ

ጤና ይስጥልኝ። በአዲስ አበባ–ደሴ መንገድ ላይ ባለ ጤና ጣቢያ ነርስ ነኝ። ዛሬ የምጽፈው መድኃኒትና አምቡላንስ ለመጠየቅ አይደለም (ብትልኩልን ግን አንጠላም)። ብዙ ተጎጂ በአንዴ ሲመጣ ማን ቅድሚያ ይታከም የሚለው ነገር አሳስቦኝ ነው።

ጣርማበር ላይ ጉም ሲወርድ ሾፌር ከፊቱ ያለውን መኪና አያይም። አንድ አውቶቡስ ሌሊት ቢገለበጥ ያን ሁሉ ሰው የሚቀበሉት ጥቂት ተረኞች ናቸው። አጣዬና ሸዋ ሮቢት በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በግጭትና በጦርነት ያዩትን ለእናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ይሆናል። በ2017 ደግሞ የአዋሽ ፈንታሌው የመሬት መንቀጥቀጥ እኛንም ከቤት አስወጥቶናል።

ስታርት የሚባለው የመለያ ዘዴ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ ውስጥ የወጣ ነው። ለእያንዳንዱ ተጎጂ ቀለም ያለው መለያ ይታሰርለታል፤ ቀይ ቅድሚያ የሚታከም፣ ቢጫ ቀጥሎ የሚታይ፣ አረንጓዴ መቆየት የሚችል፣ ጥቁር የሞተ ወይም ይተርፋል ተብሎ የማይጠበቅ ነው። ለአንድ ሰው አንድ ደቂቃ እንኳ አይፈጅም። ተነስቶ የሚራመድ አረንጓዴ ነው። የአየር መተላለፊያው ተከፍቶለትም የማይተነፍስ ጥቁር። የአየር መተላለፊያው ሲከፈትለት መተንፈስ የጀመረ፣ በደቂቃ ከ30 ጊዜ በላይ የሚተነፍስ፣ የእጁ አንጓ ላይ ምት የጠፋ፣ ወይም «እጄን ጨብጥ» ሲሉት የማይጨብጥ ቀይ ይታሰርለታል። የቀረው ቢጫ ነው። ይህን ማንም ጤና ባለሙያ ቶሎ ይለምደዋል።

መከራው ያለው ሌላ ቦታ ነው። ብዙ ጊዜ የሚጮኸው ሰው ጊዜ አለው፤ የሚያሰጋው ዝም ያለው ነው። ቤተሰብ ግን የሚጎትተን ወደሚጮኸው ነው። በዚህ መሃል ስልክ ይደወላል፤ «የእገሌን ልጅ ቶሎ እዩት።» ሌላው ጠጋ ብሎ «ይሄ የነማን ወገን ነው?» ይላል። ጥቁር የታሰረለት ልጅ እናት ደግሞ እግራችን ስር ወድቃ ትለምናለች።

የዓለም ሐኪሞች ማኅበር በ1994 እ.ኤ.አ. ስቶክሆልም ላይ ባጸደቀው መግለጫ መታየት ያለበት የሰውየው የጤና ሁኔታ ብቻ እንደሆነ አስቀምጧል። ካለው አቅም በላይ የሆነ ጉዳት የደረሰበትም ቢሆን አይጣልም፤ ሕመሙ እየታገሰለት፣ ከግርግሩ ተለይቶ በክብር ይያዝ ይላል። ለእናትየው ግን ምን ተብሎ ይነገራታል? ይህን ያስተማረን የለም።

መጀመሪያ የምንፈልገው ማኅተም ያለበት አንድ ገጽ መመሪያ ነው። የሚለየው ሰው ማን እንደሆነ ይጻፍ። እሱ መለየቱን ትቶ ማከም እንዳይጀምር ይጻፍ። አስተዳዳሪም ሆነ የታጠቀ ሰው ውሳኔውን በስልክ እንደማይቀይር ይጻፍ። ግድግዳ ላይ እንለጥፈዋለን፤ ስልክ ሲመጣ በጣታችን እናሳያለን። በመመሪያው መሠረት በቅንነት የወሰነ ባለሙያ ቅሬታ ቢቀርብበት፣ ጉዳዩን መጀመሪያ የሙያ ባልደረቦቹ ይዩት።

ሥልጠናውን በተመለከተ እውነቱን ልናገር፤ ሆቴል አዳራሽ፣ ስላይድ፣ አበል፣ ከዚያ ወደ ቤት ከሆነ ይቅርብን። ልምምድ ይሁን። አንዱ እናት ይሁን፣ አንዱ ባለሥልጣን ሆኖ ይደውል፣ አንዱ ይሳደብ። የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የጤና ሳይንስ ካምፓስ መምህራን አሉት፤ ወደ መሐል ሜዳና ዓለም ከተማም ይውጡ። የአምቡላንስ ሾፌሮች፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችና ትራፊክ ፖሊሶች አይቅሩ። ቦታው ላይ ቀድመው የሚደርሱት እነሱ ናቸውና።

አንድ ነገር ልጨምር። ሌሊቱን ጥቁር ሲያስር ያደረ ሰው በማግስቱ ተረኛ አይሁን። የሚያናግረው ባለሙያም ይመደብለት።

መመሪያውን የሚያረቅ ቡድን ካቋቋማችሁ ተረኝነቴን ቀያይሬ እመጣለሁ። ከክረምቱ በፊት ቢሆን ደግሞ ይሻላል፤ ጉሙ ያኔ ነው የሚብሰው።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የጤና ጣቢያ ነርስ፣ ሰሜን ሸዋ