ፕሮፎርማችን ለምን 10 ቀን ብቻ ሆነ?

ውድ ደንበኞቻችን፣

ሰሞኑን ብዙዎቻችሁ «ድሮ ፕሮፎርማችሁ ለአንድ ወር ያገለግል ነበር፤ አሁን ምነው 10 ቀን ሆነ?» ብላችኋል። በስልክ ቆራርጠን ከምንነግራችሁ ብንጽፈው ይሻላል።

ባለፈው ወር ለአንድ ደንበኛ የቁም ሣጥን ፕሮፎርማ እየጻፍን ነበር። ማህተም ሳናደርግበት የጣውላ አቅራቢያችን «ዋጋ ጨመረ» ብሎ ደወለ። ሰርዘን ጻፍን። ከሰዓት ደግሞ የማጠፊያው ሻጭ ደወለ። በሦስተኛው ስርዝ ወረቀቱ የአንደኛ ክፍል ተማሪ ደብተር መሰለ። ደንበኛው ሳቀ፤ እኛ ግን አፈርን።

አቅራቢዎቻችንን «ምን ተገኘ?» ስንላቸው መልሳቸው አንድ ነው፦ «መንግሥት ነገ ምን እንደሚወስን አይታወቅም።» ሻጭ ነገን ካላወቀ ፍርሃቱንም ዋጋው ላይ ይደምራል። እንግሊዝ ውስጥ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2022 የሆነው ይኸው ነው። መንግሥት ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ በቅጡ ሳያብራራ ትልቅ የግብር ቅነሳ አወጀ። በቀናት ውስጥ የብድር ወለድ ናረ። ጠቅላይ ሚኒስትር ሊዝ ትረስ ከ50 ቀን በላይ ሥልጣን ላይ አልቆዩም።

የእኛን ሙያ የሚነካ ሌላ ታሪክም አለ። ፖል ቮልከር እ.ኤ.አ. በ1979 የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ ሊቀመንበር ሆኑ። በቀጣዩ ዓመት የዋጋ ንረቱ ከ14 በመቶ አለፈ። ሰውዬው ወለዱ 20 በመቶ አካባቢ እስኪደርስ ገንዘቡን አጠበቁት። ቤት ሠሪዎች ሥራ ፈቱ። ተናደው ቁራጭ ጣውላ ላይ ተቃውሟቸውን እየጻፉ በፖስታ ላኩላቸው! ንረቱ እ.ኤ.አ. በ1983 ከ4 በመቶ በታች ወረደ፤ እስከዚያ ግን ሥራ አጥነት ከ10 በመቶ በላይ ደርሶ ነበር። ቮልከር ተሳካላቸው ይባላል። አናጺ ስለሆንን መሰለኝ፣ የእኛ ልብ ከጣውላ ላኪዎቹ ጋር ነው። ሱቁን የዘጋ ሰው ንረቱ ወረደ ቢሉት ምን ይፈይድለታል? ያም ሆኖ ቮልከርን አንድ ነገር አንነፍጋቸውም፦ ኑሮ እንደሚከብድ ገና ከጅምሩ ለሕዝቡ በግልጽ ተናግረዋል።

እኛም የምንፈልገው ይህንኑ ነው። ክፉ ዜና ቢሆንም ቀድሞ ይነገረን፣ የምንይዘውን እንያዝ። ለእናንተም እንዲሁ ለማድረግ ወሰንን። አንድ ወር ብለን ቃል ገብተን በሦስተኛው ሳምንት «ዋጋ ጨመረ» ከምንላችሁ፣ 10 ቀን ብለን 10ሩንም ቀን በቃላችን ብንቆም ይሻላል። ቅድሚያ ክፍያ ስትከፍሉ በዚያው ቀን ጣውላውንና ማጠፊያውን እንገዛለን። ከዚያ በኋላ ዋጋ ቢጨምር ጉዳዩ የእኛ ነው።

እኔ በግሌ ቀኑን ሙሉ ዜና መከታተል ትቻለሁ። ጠዋት አንዴ እሰማና መጋዜን አነሳለሁ። ስልክ ስነካካ በዋልኩበት ቀን የግራውን የመሳቢያ ሐዲድ በቀኝ ገጥሜ፣ ማታ ሁሉንም ፈትቼ እንደገና ሠርቻለሁ። (ሣጥኑ የማን እንደሆነ አልናገርም፤ አሁን በደንብ ይከፈታል።)

በአሮጌው የአንድ ወር ፕሮፎርማ ላይ ያላችሁ ደግሞ አትስጉ። የተጻፈበት ቀን እስኪያበቃ ዋጋው እንዳለ ነው። ስትመጡ ወረቀቱን ብቻ ይዛችሁ ኑ፤ የተሰረዘውንም ቢሆን።

ከአክብሮት ጋር፣
የእንጨት ሥራ ቤታችሁ