ጋሼን ያልቀበርኩት ወንድምህ ነኝ

ወንድሜ እንዴት ነህ፣ እትዬስ ደህና ናቸው? ካወራን ሦስት ዓመት ሊሞላ ነው። ስንቴ ስልኬን አንስቼ ስምህ ጋ ስደርስ እተወዋለሁ፣ ብደውልም ድምፅህን ስሰማ የምለው እንደሚጠፋኝ አውቃለሁ፣ ለዛ ነው የምጽፍልህ፣ ረዘም ቢል ታገሰኝ።

እኔ እዛው ፍቅር ሐይቅ ነኝ፣ አሁንም ሰው በጀልባ ወስጄ ጉማሬ አሳያለሁ። ከሰዓት ንፋስ ሲነሳ ደንበኛ ስለማይኖር ጥላ ስር ቁጭ ብዬ በስልኬ የሸራ ጀልባ ውድድር አያለሁ። ትዝ ይልሃል አሞራ ገደል የማዳበሪያ ጆንያ እንጨት ላይ ወጥረን፣ አንተ ውቅያኖስ እንሻገራለን ስትል ጋሼ ከዳር ቆመው ሲቆጡን? ለካ ይሄ ነገር ስፖንሰር ያለው ሙያ ነው፣ ሰው አርጅቶ ሁሉ የሚሠራው።

ትልቁ ውድድር ቫንዴ ግሎብ ይባላል። በየ4 ዓመቱ ሌ ሳብል ዶሎን ከምትባል የፈረንሳይ ከተማ ይነሱና ዓለምን ዞረው እዛው ይመለሳሉ፣ አንድ ሰው ለብቻው፣ 18 ሜትር ገደማ በሆነች ጀልባ፣ በንፋስ ብቻ። የትም ወደብ ገብቶ እርዳታ መቀበል የለም። ሸራው ቢቀደድ ራሱ ይሰፋል፣ ምሰሶው ጫፍ ላይ የሚወጣው ራሱ ነው፣ ቢታመም ሐኪም ከሩቅ ነው የሚያማክረው፣ እንቅልፍማ ትንሽ ትንሽ እየሰረቀ ነው። በዚህ ሁኔታ ሁለት ወር ሦስት ወር አስበው። ቻርሊ ዳላን የሚባል በፈረንጆቹ 2025 በ64 ቀን ከ19 ሰዓት ጨርሶታል፣ እስካሁን እንደሱ የፈጠነ አላየሁም።

የኔ ሰው ግን ዣን ለ ካም ነው። ብዙ ዘመን የተወዳደረ ሽማግሌ ነው፣ በ2024 እንኳን በ65 ዓመቱ ለስድስተኛ ጊዜ ወጥቷል። በ2005 ሁለተኛ ሆኖ ነበር፣ ያሸነፈው ቫንሳን ሪዩ የሚባል ነው፣ ከ87 ቀን በኋላ ሰባት ሰዓት እንኳን በማይሞላ ልዩነት። ከአራት ዓመት በኋላ በጥር 2009 ከደቡብ አሜሪካ ጫፍ ኬፕ ሆርን አካባቢ የለ ካም ጀልባ ተገለበጠ፣ ሰውየው ተገልብጦ በሚንሳፈፈው ጀልባ ሆድ ውስጥ በጨለማ ቀረ። መጥቶ ያወጣው ማን መሰለህ፣ ያው ሪዩ! ሲያወጣውም የራሱ ጀልባ ተመትቶ ቆይቶ ምሰሶው ተሰበረ፣ ውድድሩም በዛው አለቀበት። የሪዩ ጀልባ ስም ፒአርቢ ነበር፣ ስፖንሰሩ ነው።

አሁን ስማኝ። ኅዳር 2020 ላይ ከኬፕ ታውን በስተደቡብ ምዕራብ ኬቨን ኤስኮፊየ የሚባል ተወዳዳሪ ጀልባው ማዕበል ውስጥ ተሰክቶ ለሁለት ታጠፈ። የዛም ጀልባ ስም ፒአርቢ ነው። ሰውየው የምትነፋዋ የነፍስ አድን ጀልባ ላይ ቀረ። ለ ካም አቅጣጫውን ቀይሮ መጣ፣ አየው፣ ግን ማዕበሉ ከባድ ስለነበር ሊያነሳው አልቻለም፣ ሸራውን ቀንሶ ሲመለስ ሰውየው የለም። መሸ። ሌሎች ሦስት ተወዳዳሪዎችም ውድድሩን ትተው ፍለጋ መጡ። ለ ካም ሌሊቱን ሲዞር ቆይቶ ከውሃው መሃል የምትብለጨለጭ መብራት አየ፣ ቀለበት ወርውሮ ሳበው። ኤስኮፊየ ከ11 ሰዓት በላይ ውሃ ላይ ነበር። ለ ካም ያኔ 61 ዓመቱ ነው።

ዳኞቹ ደግሞ ለፍለጋ የሄደባቸውን ሰዓት ቆጥረው መልሰውላቸዋል። ከፈላጊዎቹ አንዱ ያኒክ ቤስታቨን መስመሩን 3ኛ ነው ያለፈው፣ 10 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ስለተቀነሰለት አሸናፊ ሆነ።

ይሄን ሳይ አለቀስኩ ወንድሜ። ጋሼ ያረፉት ጥምቀት ሰሞን ነበር፣ ሐዋሳ በእንግዳ ተጨናንቃ ጀልባው ዓመቱን ሙሉ የማያመጣውን ብር የሚያመጣበት ሳምንት። ነገ እሄዳለሁ አልኩ፣ ነገ እሄዳለሁ አልኩ፣ ቀብሩ አለፈ፣ አርባቸው አለፈ፣ ከዛ በኋላማ በምን ዓይኔ እንደማይህ ጠፋኝ። መቅዘፊያ እንዴት እንደሚያዝ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። እነዛ ሰዎች ለማያውቁት ሰው እንኳን ሳይሆን ለተፎካካሪያቸው በዛ ማዕበል ጀልባ አዞሩ፣ እኔ ከሐዋሳ አዳማ፣ አስፋልት መንገድ፣ መኪና ሞልቶ። ሥራ በዛብኝ ብዬ ልዋሽህ አልፈልግም፣ ብሩን መርጬ ነው የቀረሁት። ይቅር በለኝ።

የፊታችን ቅዳሜ ሥራ አልገባም። በጠዋቱ መኪና እመጣለሁ፣ መናኸሪያ ስደርስ እደውልልሃለሁ። ባታነሳም ሰፈሩን አውቀዋለሁ፣ እትዬ እግር ላይ ልውደቅ፣ ከዛ መቃብራቸው ጋ ውሰደኝ።