ያልተመዘገበው ኃይል፦ ለአሜሪካ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ጽሕፈት ቤት የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡርነትዎ፦

እ.ኤ.አ. በ1994 ኮንግረስ ያወጣው የወንጀል መከላከያ ሕግ፣ ፖሊሶች ከልክ ያለፈ ኃይል ስለመጠቀማቸው መረጃ እንዲሰበስብና በየዓመቱ ማጠቃለያ እንዲያወጣ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉን ያዝዛል። ከዚያ ወዲህ ከ30 ዓመት በላይ ቢያልፍም፣ ፖሊስ ባለፈው ዓመት በስንት ጥቁሮችና በስንት ነጮች ላይ ኃይል እንደተጠቀመ የሚጠይቅ ሰው ዛሬም ከመንግሥት የተሟላ መልስ አያገኝም።

ኤፍቢአይ እ.ኤ.አ. በ2019 የፖሊስን የኃይል አጠቃቀም አገር አቀፍ ምዝገባ መጀመሩን አውቃለሁ፤ ጅምሩንም አከብራለሁ። ሆኖም መረጃ መላክ ለየፖሊስ ተቋሙ ፈቃድ የተተወ ነው። ከዚህ ይበልጥ የሚያሳስበኝ ደግሞ የሚመዘገበው ሞት፣ ከባድ የአካል ጉዳትና ወደ ሰው የተተኮሰ ጥይት ብቻ መሆኑ ነው። ግፊያው፣ ካቴናው፣ የተደገነው ሽጉጥ አይቆጠሩም።

ልጄ መንጃ ፈቃድ ባወጣ ሳምንት፣ ፖሊስ ቢያስቆመው ሁለት እጁን መሪው ላይ እንዲያደርግና ሳይጠየቅ ኪሱን እንዳይነካ ደጋግሜ ነግሬዋለሁ። የነገርኩትን ሁሉ ፈጽሞም ከመኪናው ወርዶ በካቴና ታስሮ ቆይቷል፤ በኋላም ያለ ክስ ተለቀቀ። ያ ምሽት በአገር አቀፉ መዝገብ ውስጥ የለም።

የኢኮኖሚ ተመራማሪው ሮላንድ ፍራየር እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው ጥናት፣ በኒውዮርክ ፖሊስ ካስቆማቸው ሰዎች መካከል ጥቁሮችና ሂስፓኒኮች (የላቲን አሜሪካ ዝርያ ያላቸው) ኃይል የሚደርስባቸው ከነጮች ከ50 በመቶ በላይ በሚበልጥ መጠን መሆኑን አሳይቷል፤ ሌሎች ምክንያቶች ሲታሰቡ ልዩነቱ ቢጠብም አልጠፋም። በተኩስ ረገድ ልዩነት አለማግኘቱን ብዙዎች አድልዎ ለመኖሩ እንደ ማስተባበያ ይጠቅሱታል። እኔ ግን በዚህ አልረካም። ፖሊስ ማንን እንደሚያስቆም ሲመርጥ የቆዳ ቀለም አይቶ ከሆነ፣ አድልዎው መዝገቡ ከመከፈቱ በፊት ስለተፈጸመ ከመዝገቡ ብቻ ሊነበብ አይችልም፤ ሌሎች ተመራማሪዎችም ይህንኑ አሳስበዋል።

ስለዚህ የፌዴራል ድጎማ የሚቀበል የፖሊስ ተቋም ሁሉ ያስቆመውን እያንዳንዱን ሰው፣ ኃይል ያልተጠቀመበትንም ጭምር፣ ከዘሩና እንዲቆም ከተደረገበት ምክንያት ጋር እንዲያሳውቅ የሚያስገድድ ረቂቅ ለኮንግረስ እንዲቀርብ እጠይቃለሁ። እስከዚያው የ1994ቱ ሕግ ያዘዘው ዓመታዊ ማጠቃለያ፣ መረጃ ያልላኩ ተቋማት ዝርዝር ተጨምሮበት ይውጣ። ማጠቃለያውን ለማውጣት አዲስ ሕግ አያስፈልግም።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አባት