እበቱን ሁሉ አትጠፍጥፊው

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፤ ጉልበትሽ እንዴት ሰነበተ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

እበቱን ለጓሮሽ ማዳበሪያ የሚያደርግ ትል እናርባ ብዬሽ በስልክ «በቤቴ ትል አላረባም» ብለሽ ስትቆርጪ ዝም ያልሁት ተስማምቼ አይደለም። ጎመንሽን የሚበላው ትል እንደታወሰሽ ገብቶኛል። ይህ ሌላ ነው፤ ቀይና ቀጭን፣ ለምለም ተክል የማይነካ፣ ምግቡ እበትና የበሰበሰ ነገር የሆነ። ስናርስ ከሥር የምናገኘውም አይደለም፤ ያኛው አፈር ቆፍሮ ይገባል፣ ይህ ከላይ እበቱ ውስጥ ይኖራል። ከሆዱ የሚወጣው ጥቁርና ልም ነው፤ የተፈጨ ቡና ይመስላል። ዘግኜ ሳሸተው የእበት ጠረን የለውም፤ የመጀመሪያው ዝናብ የነካው አፈር ይሸታል።

ከባዱ ነገር ኩበቱ ነው። በደብረ ብርሃን ብርድ እበት ማለት እሳት ነው፤ እኔም የተማርኩት አንቺ ገበያ አውጥተሽ በሸጥሽው ኩበት ነው። ነገር ግን ኩበቱ ሲነድ ለአፈሩ የሚሆነው ናይትሮጅን ከጭሱ ጋር ይሄዳል። ጓሮው እየሳሳ ሲሄድ ደግሞ በ2014 ዓ.ም. ዋጋው ያስለቀሰሽን ዩሪያ መልሰሽ ትገዢለታለሽ። ይህ ያንገበግበኛል፣ እማዬ።

እሳትሽን አልወስድብሽም። ምርጥ ምድጃ አመጣልሻለሁ፤ እንጀራ ስትጋግሪ ማገዶውን እስከ ግማሽ ይቆጥብልሻል። ከዚያ የሚተርፈውን እበት ብቻ ስጪኝ። ለገብሱ ማሳ እንደማይበቃ አልደብቅሽም፤ አንድ ሄክታር ብዙ ኩንታል ይፈልጋል። ለነጭ ሽንኩርቱና ለጎመኑ መደብ ግን ይሆናል።

ትኩስ እበት ስለሚግል ትሎቹን ይገድላል፤ መጀመሪያ 2 ሳምንት ያህል ጥላ ሥር ይክረም። ከብቶቹ የተዉትን ገለባ፣ የቡና አተላና የድንች ልጣጭ ጨምሪበት። ሎሚ፣ ጨውና ዘይት የነካው ትርፍራፊ አይግባ። የሚስማማቸው ከ15 እስከ 25 ዲግሪ ነውና ውርጩ ያሳስበኛል፤ ሳጥኑን ወንድሜ ከጋጣው ግድግዳ አስጠግቶ ይሥራው፣ በገለባና በጆንያም ይሸፈን። ዶሮዎችሽ እንዳይደርሱበት አደራ። ከ3 ወር ገደማ በኋላ ጥቁሩን አፈር እንሰበስባለን።

ለጥምቀት 1 ኪሎ ትል በባልዲ ይዤ እመጣለሁ። እስከዚያው 2 ቁና እበት ሳትጠፈጥፊ አቆዪልኝ።

የምትወድሽ ልጅሽ