ሲኒጋንግ እንደዚያ አይሠራም፤ የሙዝ አበባውስ የት ሄደ?

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል፣

ባለፈው ሳምንት በምግብ ዓምዳችሁ ስለ ፊሊፒንሱ ኮምጣጣ ሾርባ፣ ስለ ሲኒጋንግ፣ ያወጣችሁትን አነበብኩ። መጀመሪያ ደስ አለኝ። ከማኒላ ወደ ደቡብ፣ ላጉና አውራጃ ሎስ ባንዮስ ውስጥ ሁለት ዓመት ተምሬ ስለመጣሁ ይህን ሾርባ ለሰው ማስረዳት ሰልችቶኝ ነበር። አሠራሩ ላይ ስደርስ ግን ተናደድኩ። የአሳማ ሥጋው፣ ታማሪንዱ (ማኮምጠጫው ፍሬ)፣ አትክልቱ ሁሉ አንድ ላይ ድስት ውስጥ ይግባና ለአንድ ሰዓት ይቀቀል ትላላችሁ። ምን ነካችሁ?

ከስሙ ልጀምር። ሲኒጋንግ በታጋሎግ ቋንቋ "ሲጋንግ" ከሚለው ግስ የመጣ ነው፣ መቀቀል እንደማለት። ስሙ ውስጥ አሳማም የለም፣ ታማሪንድም የለም። እናንተ ግን ያለ ታማሪንድ ሲኒጋንግ የለም ብላችሁ ጽፋችኋል። እዚያ አገር ማኮምጠጫው እንደ አካባቢውና እንደ ጓሮው ይለያያል፦ ካሚያስ የሚባል ጎምዛዛ ፍሬ አለ፣ ያልበሰለ ማንጎ አለ፣ ካላማንሲ የሚሉት ትንሽዬ ሎሚ አለ፣ ወደ ኢሎኢሎና ኔግሮስ ስትሄዱ ደግሞ ባትዋን የሚሉት ጎምዛዛ ፍሬ ነው። በበሰለ ዘይቱን የሚሠሩትማ ቤቱን በመዓዛ ያውዱታል። ሥጋውም እንደዚያው ነው። በበሬ ሥጋ፣ በዓሣ፣ በሽሪምፕ ይሠራል። ይህን አንድ መስመር ብትጨምሩ ኖሮ አሳማ የማይበላው አንባቢያችሁ ገጹን ገልብጦ ባልሄደ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ። የአትክልት ዝርዝራችሁ ውስጥ የሙዝ አበባ የለም። እርግጥ እዚያም ቢሆን ሁሉም ሰው ሲኒጋንግ ውስጥ አይጨምረውም፣ የተለመደው ነጭ ራዲሽ፣ ባሚያ፣ ረጃጅም ፎሶሊያና ካንግኮንግ የሚባለው ቅጠል ነው። እኔ ግን የለመድኩት ከነሙዝ አበባው ነው። ቤት ያከራየችኝ ሴት (አቴ ነበር የምላት፣ በእነሱ ቋንቋ ታላቅ እህት ማለት ነው፣ ከእኛ "እቴ" ጋር መገጣጠሙ ሁሌም ያስቀኛል) ሳባ ከሚባለው የሙዝ ዓይነት አበባውን እየቆረጠች ትጨምረው ነበር። ፑሶ ናንግ ሳጊንግ ይሉታል፣ የሙዝ ልብ። ወይን ጠጅ ቀለም ያለው፣ ጫፉ የሾለ፣ እውነትም ልብ የሚመስል ነገር ነው።

መጀመሪያ ብቻዬን ስሠራው አበላሸሁት። ከትፌ ጣውላው ላይ ተውኩትና ስልክ ሳወራ ቆየሁ። ስመለስ ጠቁሯል። ምን ችግር አለው ብዬ እንደዚያው ድስት ውስጥ ጨመርኩት። መረቁ አመድ መሰለ፣ አንድ ማንኪያ ስቀምስ ምላሴን ጨምድዶ ያዘው። አቴ ቀመሰች፣ ምንም አላለችም፣ ሩዟን ብቻ በላች። በነጋታው ሌላ አበባ ይዛ መጣችና ከጎኗ አቆመችኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አበባው ታኒን አለው፣ አፍ የሚይዘው እሱ ነው። አየር ሲነካው ደግሞ ቶሎ ይጠቁራል። ስለዚህ የውጭውን ጠንካራ ቅጠል ፈዛዛው እስኪመጣ ድረስ ትልጣላችሁ፣ በስሱ ትከትፉታላችሁ፣ ወዲያው ጨው ጨምራችሁ በእጅ ታሹትና ጨምቃችሁ ውሃውን ትደፋላችሁ። ከዚያ ጥቂት ኮምጣጤ ወይም ካላማንሲ ያለበት ውሃ ውስጥ ይቆይ። ሙጫው እጅና ቢላ ላይ ስለሚጣበቅ ቀድማችሁ ዘይት ተቀቡ፤ እኔ ይህን ሳላውቅ ጣቶቼን ስፈትግ ነው ያመሸሁት። በትክክል ከተዘጋጀ በኋላ ግን የራሱ ጣዕም ለስለስ ያለ ስለሆነ ኮምጣጣውን መረቅ ይመጠዋል፣ ስታኝኩት እዚያው አፋችሁ ውስጥ ይለቀዋል። ራዲሽ ይህን አያደርግም።

ቅደም ተከተሉን ደግሞ እባካችሁ አርሙት። ለ1 ኪሎ ሥጋ 2 ሊትር ያህል ውሃ በቂ ነው። አጥንት ያለበትን ወይም ሊየምፖ የሚሉትን የሆድ ሥጋ ከሽንኩርትና ከቲማቲም ጋር፣ አረፋውን እየገፈፋችሁ፣ ሥጋው እስኪለሰልስ ድረስ በቀስታ ቀቅሉት። ጎደሬ ካላችሁ ቀደም ብሎ ይግባ፣ ሟሙቶ መረቁን የሚያወፍረው እሱ ነው። ቀጥሎ ራዲሹና የሙዝ አበባው። ሁለቱ ለስለስ ሲሉ ነው የታማሪንዱ ተራ፦ ያልበሰለውን ፍሬ ለብቻው ቀቅላችሁ፣ ደፍጥጣችሁ፣ ውሃውን አጥልላችሁ ጨምሩ። እናንተ እንዳላችሁት ከመጀመሪያው ከተጨመረ ኮምጣጣነቱ አትክልቱን ቶሎ እንዳይበስል ይይዘዋል፣ ጎደሬው ግትር ብሎ ይቀራል። ባሚያው፣ ፎሶሊያውና ሳይቆረጥ የሚገባው ረጅሙ ቃሪያ ከዚያ በኋላ ነው። ካንግኮንጉ እሳቱ ሊጠፋ ሲል። አንድ ሰዓት የተቀቀለ ካንግኮንግ ምን እንደሚመስል መናገር አልፈልግም።

ፓኬት ውስጥ ስለሚሸጠው የታማሪንድ ዱቄት አላነሳችሁም፣ እኔም አልነቅፈውም። ፊሊፒንስ ውስጥ ብዙ ሰው የሚጠቀመው እሱን ነው፣ አቴም ሲመሻት እሱኑ ትበትን ነበር። ብቻ ዱቄቱ ጨው ስላለበት ፓቲስ፣ ማለትም ጨዋማውን የዓሣ ማጣፈጫ፣ ከመጨመራችሁ በፊት ቅመሱ።

ማስተካከያ የምታወጡ ከሆነ አንድ ነገር ጨምሩልኝ። የሚቀቀልበት ውሃ የቧንቧ ውሃ ብቻ አይሁን፣ የሩዝ እጣቢ ይሁን። የመጀመሪያው እጣቢ ቆሻሻ ስላለው ይደፋል፣ ሁለተኛው ነው የሚቀመጠው።

የዘወትር አንባቢያችሁ